ከፎርት ዴቪስ እስከ ማርፋ፤ ለአጭር መንገድ የሚገባ ዝግጅት

ብዙ ሰዎች ዝግጅት የሚያስፈልገው ለረዥም መንገድ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩን ለመረመረ ሰው ግን እውነቱ ሌላ ነው። ረዥም መንገድ መንገደኛውን አስገድዶ ያዘጋጀዋል፤ ስንቁን ያስቋጥረዋል፥ ውሃውን ያስይዘዋል፥ ማደሪያውንም አስቀድሞ ያስጠይቀዋል። አጭር መንገድ ግን ያዘናጋዋል። መንገደኛው «አሁን ደረስን» እያለ ያላየውን አልፎ፥ ያልጠየቀውን ትቶ ይሄዳል፤ ከቤቱም ሲመለስ የሚያወራው ነገር ያጣል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለሩቅ አገር መንገደኛ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንገልጸው ያሰብነው አንድ እጅግ አጭር መንገድ ነው። እርሱም በአሜሪካ፥ በቴክሳስ ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝ ነው። በዳላስና በሂውስተን ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው፤ ከአገር ቤትም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሄድ ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ዘመድ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ወደ ቤት ሲጋበዝ ሰንብቶ፥ አገሩን ሳያይ ይመለሳል። እኛ ግን እህታችንን ለመጠየቅ ወደ ዳላስ ስንሄድ፥ ከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ወደ ምዕራብ ተጕዘን፥ ፎርት ዴቪስና ማርፋ የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ ከተሞች ለማየት ቈርጠናል። በሁለቱ መካከል ያለው 17 ቍጥር አውራ ጎዳና 34 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአውቶሞቢል ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይህን ግማሽ ሰዓት እንዴት አድርገን እንዳሰናዳነው ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። የዘመኑን ቍጥር ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ካርታውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስንጽፍ፥ እናታችን ቀርበው ተመለከቱና «ልጄ፥ ይህ እኮ ከቤት እስከ ገበያ የሚያህል መንገድ ነው፤ ለዚህ ወረቀትና እርሳስ ምን ያደርጋል?» አሉን። እኛም «እማዬ፥ መንገዱ አጭር ቢሆን አገሩ ሰፊ ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ ለቅርብ ገበያ ምን ምን እንደሚገዙ ሳያስቡ ወጥተው አያውቁም» ብለን መለስንላቸው። የእኅታችን ልጅ ደግሞ ከዳላስ በስልክ «ጋሼ፥ መንገዱን ስልኬ ያሳየናል፤ አያስቡ» አለን። ነገር ግን በዚያ አገር ከከተማ ወጣ ሲሉ የስልክ ሞገድ በብዙ ስፍራ የሚደክም ወይም የሚቋረጥ ስለ ሆነ፥ በወረቀት የታተመ ካርታ ይዘን እንድንሄድ ተስማማን። ካርታውን የመያዝ ሥራ ለልጁ ተሰጠ፤ ስንቁና ውሃው ለቤታችን እመቤት፤ የሰዓቱና የቀኑ ሒሳብ ለእኛ ሆነ።

በመጀመሪያ የአገሩን ጠባይ እንናገር። ቴክሳስ ሲባል ብዙ ሰው ቈላና በረሃ ብቻ ይመስለዋል። ይህ ክፍል ግን ከፍተኛ አገር ነው። ፎርት ዴቪስ ከባሕር ወለል በላይ 1,490 ሜትር ያህል፥ ማርፋም 1,430 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ፤ በእኛ አገር ልክ ከድሬ ዳዋ ከፍ፥ ከአዳማ ዝቅ ማለት ነው። በዙሪያው ያሉት የዴቪስ ተራሮች በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከጫፎቻቸውም ከፍተኛው ሊቨርሞር 2,554 ሜትር ይደርሳል። ዝናቡ የሚበዛው እንደ እኛ ክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ በነጐድጓድ ይወርዳል። ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለሽማግሌና ለሕፃን ጋቢ ወይም ሹራብ መያዝ ይገባል።

ቀጥሎ የሰዓቱና የልኩ ነገር ነው። በእነዚህ ከተሞች ያለው ሰዓት ከዳላስ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ነገር ግን በአውሮፕላን ኤል ፓሶ ወርዶ ከዚያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶሞቢል የሚመጣ መንገደኛ፥ የኤል ፓሶ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ ሲደርስ አንድ ሰዓት እንደ ጐደለበት ይወቅ። በዚህ ምክንያት የጕብኝት ቀጠሮው ያለፈበት ብዙ ነው። በመንገዱ ዳር ያለው ሰሌዳ የሚያመለክተው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማይል ነው፤ አንድ ማይል አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር ያህል ይሆናል። ቤንዚንም የሚሸጠው በሊትር ሳይሆን በጋሎን ሲሆን፥ አንዱ ጋሎን ሦስት ሊትር ከስምንት ዴሲሊትር ያህል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሌላ ከተማ ስለሌለ፥ ከመነሣት በፊት ቤንዚኑን መሙላት ጥበብ ነው።

ሌሎችም መጠበቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በቂ የመጠጥ ውሃ ይያዝ። ፀሐይ ስትጠልቅና ጎሕ ሲቀድ አጋዘን ወደ መንገዱ ስለሚወጣ፥ በዚያ ሰዓት የሚነዳ ሰው ቀስ ይበል። ማርፋ ከሜክሲኮ ወሰን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅና የወሰን ጠባቂዎች የሚዘዋወሩባት አገር ስለ ሆነች፥ የውጭ አገር ሰው ፓስፖርቱን ከሻንጣው ውስጥ ሳይሆን ከእጁ አያርቀው።

ከዚህ በኋላ የሚያከራክረው ጥያቄ ከየትኛው ከተማ እንጀምር የሚለው ነበር። አብዛኛው ጐብኚ በማርፋ ይጀምራል፤ ስሟ በዓለም የታወቀው እርሷ ናትና። እኛ ግን በፎርት ዴቪስ እንድንጀምር ወሰንን። ምክንያታችንም ይህ ነው። በቀድሞ ዘመን የፕሬዚዲዮ አውራጃ መቀመጫ ፎርት ዴቪስ ነበር። በ1883 የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ማርፋ የባቡር ውሃ መቅጃ ሆና ተቈረቈረች፤ በ1885 የአውራጃው መቀመጫነት ከፎርት ዴቪስ ተነሥቶ ወደ ማርፋ ተዛወረ። በ1887 ጄፍ ዴቪስ የሚባል አዲስ አውራጃ ተከፍሎ ፎርት ዴቪስ የእርሱ መቀመጫ ሆነ። እንግዲህ ፍርድ ቤቱ ራሱ ከዚህ ወደዚያ የተጓዘ ስለ ሆነ፥ እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች የእርሱን ፈለግ ተከትለን ብንሄድ ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

ፎርት ዴቪስ ማለት የዴቪስ ምሽግ ማለት ነው። የጦር ሰፈሩ የተመሠረተው በ1854 ከሳን አንቶኒዮ ወደ ኤል ፓሶ የሚወስደውን መንገድ ለመጠበቅ ነበር፤ ይህም ኮማንቼና አፓቼ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በምድራቸው የሚያልፈውን መንገደኛ ይወጉ ስለ ነበር ነው። ስሙንም ያገኘው በዚያ ጊዜ የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ከነበረው ከጀፈርሰን ዴቪስ ነው። ይኸው ሰው ከ1861 ጀምሮ ባርነትን ለማጽናት ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መሪ ሆነ። የዘመን ነገር ያስደንቃል፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1867 ይህን በእርሱ ስም የተጠራ ሰፈር እንደ ገና ያቀኑትና የጠበቁት፥ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ወታደሮች በታሪክ «ባፋሎ ሶልጀርስ»፥ ማለት የጎሽ ወታደሮች ይባላሉ። ሰፈሩ በ1891 ተዘጋ፤ አሁን በመንግሥት የሚጠበቅ የታሪክ ስፍራ ነው። ከ20 የሚበልጡ ቤቶች ጣራቸው ተጠግኖ ቆመዋል፤ ከመቶ የሚበልጡት ግን ፍርስራሽና መሠረት ብቻ ናቸው።

ከነዚህ ፍርስራሾች መካከል አንዱ የሰፈሩ ጸሎት ቤት ነው። ግማሹን ቀን ለዚህ ሰፈር የመደብነው በተለይ ስለዚህ መሠረት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ በ1881 አንድ የጦር ፍርድ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ተከሳሹም ምክትል የመቶ አለቃ ሄንሪ ፍሊፐር ነበር።

ፍሊፐር በ1856 በጆርጂያ ግዛት፥ ቶማስቪል በሚባል ከተማ፥ በባርነት ተወለደ። ወደ ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ከነጮቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሳያነጋግሩት አራት ዓመት ተምሮ፥ በ1877 ሲመረቅ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ሆነ። በ10ኛው ፈረሰኛ ጦር ተሾመ፤ በ1880 ወደ ፎርት ዴቪስ መጥቶ የስንቅ ሹም ሆነ። በ1881 ኮሎኔል ዊልያም ሻፍተር የሰፈሩ አዛዥ ሆኖ መጣ። በዚያው ዓመት በበጋ ወራት ፍሊፐር በአደራ ከያዘው ገንዘብ ውስጥ መጕደሉን አገኘ። ነገሩን ለአዛዡ እንደ መግለጽ ፈርቶ ሸሸገው፤ ጕድለቱንም ለመሸፈን የሐሰት ቃል ተናገረ። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ መኮንን ሆኖ ሳለ እንደ ተራ ወታደር በዘብ ቤት ታሰረ። የተጠየቀው ገንዘብ ከ3,700 ዶላር የሚበልጥ ነበር። ወዳጆቹና የከተማው ሰዎች አዋጥተው፥ ችሎቱ ከመቀመጡ በፊት ጕድለቱን ሞሉለት።

ክሱ ሁለት ነበር። አንደኛው የመንግሥት ገንዘብ አጕድለሃል የሚል፥ ሁለተኛው ለመኮንንና ለጨዋ ሰው የማይገባ ጠባይ አሳይተሃል የሚል ነው። ካፒቴን ሜሪት ባርበር የተባለ ነጭ መኮንን ጠበቃው ሆኖ ተከራከረለት። ችሎቱም ብዙ ሳምንት ከቆየ በኋላ፥ ገንዘብ በማጕደል ከተከሰሰበት ነጻ አወጣው፤ በጠባዩ ግን ጥፋተኛ ነው ብሎ ከሠራዊቱ እንዲባረር ፈረደበት። የሠራዊቱ ከፍተኛ የሕግ ሹም ቅጣቱ እንዲቀልለት አሳብ ቢያቀርብም፥ ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር ፍርዱን አጸኑት፤ ፍሊፐርም በ1882 ከሠራዊቱ ወጣ።

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን እንዴት እንደምንነግራቸው ብዙ አስበናል። ንጹሕ ሰው በግፍ ተፈረደበት ብቻ ብንላቸው፥ እውነቱን ግማሹን ሸሸግን ማለት ነው፤ ሰውዬው ጕድለቱን ሸሽጓልና፥ ሐሰትም ተናግሯልና። በሌላውም በኩል ጥፋት አጠፋ፥ ተቀጣ ብቻ ብንላቸው፥ የባሰውን ግማሽ እንሸሽጋለን። ፍርድ ማለት ጥፋትን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ቅጣቱን በጥፋቱ ልክ መመዘን ነው። ያ ችሎት ጥፋቱን አገኘ፤ ሚዛኑን ግን አልጠበቀም። ልጆቻችን ይህን በመጽሐፍ ከሚያነቡት ይልቅ፥ ከዚያ መሠረት አጠገብ ቆመው ቢሰሙት እንደሚጸናባቸው እናምናለን።

ፍሊፐር ከዚህ በኋላ አልወደቀም። መሐንዲስና መሬት ቀያሽ ሆኖ ሠራ፤ የስፓኝ ቋንቋ ዐዋቂ ስለ ነበረም፥ የርስት ክርክር ለሚሰማ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሰነድ እየመረመረና እየተረጐመ አገለገለ። ስሙን ለማንጻት ከ1898 ጀምሮ ለምክር ቤት ደጋግሞ አመለከተ፤ አልሆነለትም። በ1940 በአትላንታ ሲሞት ፍርዱ እንደ ጸና ነበር። በ1976 ግን ሠራዊቱ ጕዳዩን እንደ ገና መርምሮ፥ ቅጣቱ ከልክ ያለፈ ነበር ብሎ በክብር እንደ ተሰናበተ አስመዘገበ። በ1978 ዐፅሙ ወደ ትውልድ ከተማው ተወስዶ በክብር ተቀበረ። በ1999 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ሙሉ ምሕረት አደረጉለት። ከ1882 እስከ 1999 ሲቈጠር 117 ዓመት ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው በአንድ ነገር ነው፤ የችሎቱ መዝገብ በመንግሥት መዝገብ ቤት ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። በዚያ ችሎት ቃል በቃል የጻፈው ጸሐፊ ተከሳሹ ቢረታም ባይረታም የሰማውን ጻፈ፤ ሥራውም ከዳኞቹ ዕድሜ፥ ከተከሳሹም ዕድሜ በለጠ። ሥልጣን ያለው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ የተዛባ ፍርድ መዝገቡ እስካለ ድረስ ሊታረም ይችላል፤ መዝገቡ ከጠፋ ግን ማን ያርመዋል?

እንግዲህ ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከፎርት ዴቪስ ወደ ደቡብ ሲወጡ ተራሮቹ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ፊት ለፊት ሰፊ የሣር ሜዳ ይዘረጋል። መንገዱ በሁለት ወገን ብቻ የሚሄድ ጠባብ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ የከብት አርቢዎች አጥር ሲሆን፥ ከአጥሩ ማዶ ሚዳቋ የመሰለ ፈጣን የሜዳ እንስሳ በመንጋ ሲግጥ ይታያል። በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ከአስፋልቱ በደንብ ወጣ ብለን ለመቆም ወስነናል፤ ምክንያቱም የዚህ አገር ትልቁ ሀብት ስፋቱ ነውና፥ ስፋትን በመስኮት ማየት አይቻልም።

በማርፋ መጀመሪያ የምናየው በ1886 የተሠራውን የአውራጃውን ፍርድ ቤት ነው። ጕልላቱ ከሩቅ የሚታይ፥ ሦስት ደርብ ያለው ውብ ሕንፃ ሲሆን፥ በጕልላቱ ጫፍ የፍትሕ ምስል ቆማለች። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ አንድ ከብት ጠባቂ በተፈረደበት ፍርድ ተቈጥቶ «በዚህ አውራጃ ፍትሕ የለም» ብሎ ሚዛኗን ከእጅዋ በጥይት መትቶ ጣለው። ተረትም ቢሆን፥ ከፎርት ዴቪስ ችሎት ለሚመጣ መንገደኛ የሚናገረው አለው።

ማርፋ ስሟ የወጣው ግን በኪነ ጥበብ ነው። ዶናልድ ጀድ የሚባል የታወቀ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1970ዎቹ ከኒው ዮርክ ወደዚህ መጥቶ፥ የተዘጋ የጦር ሰፈር ይዞ፥ ቺናቲ የሚባለውን ስፍራ በ1986 ለሕዝብ ከፈተ። በሁለት የመድፍ ማከማቻ ቤቶች ውስጥ ከአሉሚኒየም የተሠሩ 100 ሣጥን መሰል ሥራዎች ተደርድረዋል፤ ውጪያቸው ሁሉ እኩል ነው፤ ውስጣቸው ግን አንዱ ከሌላው ይለያል፤ የፀሐይ ብርሃንም በየሰዓቱ መልካቸውን ይለውጠዋል። በእነዚሁ ቤቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ምርኮኞች ይጠበቁ ስለ ነበር፥ በጀርመንኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ ይነበባል። ይህን ለማየት ቀደም ብሎ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ከማርፋ በስተ ምሥራቅ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በሌሊት ከአድማስ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጠበቅበት ማረፊያ አለ። ብዙ ሰው መናፍስት ናቸው ይላል። በ2004 በዳላስ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች መርምረው፥ ከዚያ የሚታየው ብርሃን በሩቅ አውራ ጎዳና የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ፋና መሆኑን አስረድተዋል። እናታችን ይህን ሲሰሙ «እንዲያ ከሆነ ደግ፤ መንፈስ ለማየት ሌሊት አላመሽም ነበር» አሉ።

የቀኑ አከፋፈል እንዲህ ሆነ። የፍርድ ቤቱ ሕንፃ የሚከፈተው በሥራ ቀን ነው፤ በማርፋ ያሉት የሥዕል ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ በሳምንቱ መጀመሪያ ተዘግተው በመጨረሻው ይከፈታሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀን ዓርብ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ በፎርት ዴቪስ እናድራለን። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ጦር ሰፈሩ እንገባለን፤ በስድስት ሰዓት ምሳ እንበላለን። ቀኑ የጾም ስለ ሆነና የአገሩ ምግብ ሥጋ የሚበዛበት ስለ ሆነ፥ የቤታችን እመቤት ድፎ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ከዳላስ ታሰናዳለች። በሰባት ሰዓት እንነሣለን፤ መንገድ ላይ ቆመን አይተን፥ በስምንት ሰዓት ማርፋ ፍርድ ቤት እንደርሳለን። ማታ ብርሃኑን እናያለን። ቅዳሜ ቺናቲን እንጐበኛለን።

የመንገዱ ማጠር የሚጠቅመን ቅዳሜ ማታ ነው። ከፎርት ዴቪስ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተራራ ላይ በ1939 የተመረቀ ማክዶናልድ የሚባል የከዋክብት መመልከቻ አለ፤ በተወሰኑ ምሽቶችም ሕዝብ ከዋክብትን በመነጽር እንዲያይ ይፈቅዳል። ሰማዩ ከከተማ ብርሃን የራቀ ስለ ሆነ እጅግ ጥቁር ነው። ቲኬቱን አስቀድመን ከገዛን፥ ከማርፋ በቀን ተነሥተን፥ ያንኑ ግማሽ ሰዓት መልሰን ተጕዘን፥ ማታውን ከከዋክብት ጋር እናመሻለን።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ቴክሳስ ለመሄድ ያላሰብህ ብትሆን እንኳ፥ ይህ አሳብ ለደብረ ብርሃንም ለአምቦም መንገድ ይጠቅምሃል። ከመነሣትህ በፊት የት እንደምትደርስ ብቻ ሳይሆን የት እንደምትቆም ጻፍ። ልጆችህንም ምን እንደምታሳያቸው ብቻ ሳይሆን በዚያ ስፍራ ቆመህ ምን እንደምትነግራቸው አስቀድመህ አስብ። መንገድ አጭር ቢሆን በላዩ ያለፈው ሰው ታሪክ አያጥርምና።